ነገር ከሥሩ፤ የንግድ ሶፍትዌር ውስጣዊ ክፍሎች ለየብቻቸው መፈተሽ እንደሚገባቸው

በጉብሬ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ሁለቱ ሳሕኖች ባዶ ሳሉ እኩል መቆማቸውን ይመለከታል፤ የኪሎውንም ብረት አንሥቶ ሌላ በሚያምነው ብረት ያመዛዝነዋል። ገዢ የሚያስተናግደው ከዚያ ወዲያ ነው። ሚዛኑን ሳይመለከት ቢውልና ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ጉድለት ቢያገኝ፣ ጉድለቱ ከሚዛኑ ይሁን ከመላሽ አሰጣጡ፣ ከረዳቱ ይሁን ከራሱ አቆጣጠር ለመለየት አይቻለውም። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ሚዛኑን የሚመረምረው ሌባ ስለ ፈራ ብቻ አይደለም፤ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ስሕተቱ የት እንደሌለ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

ዛሬ የነጋዴው ሚዛን ብረትና ሳሕን ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የሽያጭ ደረሰኝ፣ የዕቃ ክምችት መዝገብ፣ የደንበኞች የዱቤ ሒሳብ፣ የባንክ ክፍያ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው በሶፍትዌር ነው። የታላቅ ንግድ ቤት ወይም የባንክ ሶፍትዌር ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ታናናሽ ክፍሎች ተገጣጥመው የሚያቆሙት ሕንጻ ነው። አንዱ ክፍል ይደምራል፤ አንዱ ሳንቲሙን ያጠጋጋል፤ አንዱ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ይመልሳል፤ አንዱ ሁለት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ያመሳክራል፤ አንዱም ደንበኛው ሊያወጣ የጠየቀውን ያህል ገንዘብ በሒሳቡ መኖሩን ያረጋግጣል። እነዚህን ክፍሎች ገዢም ሻጭም በዐይኑ አያያቸውም።

እንግዲህ ሶፍትዌር በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሥራው ካለቀ በኋላ ሙሉውን ሶፍትዌር በደንበኛ ዐይን ከውጭ መፈተሽ ይበቃል ወይስ እያንዳንዱን የውስጥ ክፍል ለየብቻው አውጥቶ መፈተሽ ያስፈልጋል የሚል ነው። ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የፍተሻውን ጉድለት ዕዳ የሚከፍለው ነጋዴው ስለ ሆነ፣ በጉዳዩ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘብን፣ ቀንን፣ ስምንና መጠንን የሚነኩ የውስጥ ክፍሎች ሁሉ ከሱቁ ባንኮኒ ሳይደርሱ ለየብቻቸው መፈተሽ እንደሚገባቸው፣ ይህንንም ሶፍትዌር የሚገዛው ነጋዴ ራሱ መጠየቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለጉብሬ የራቀ አይደለም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉት ወጣቶች እንጀራና ሻይ የሚገዙት ሶፍትዌር ከሚገለገሉት ባለ ሱቆች ነው፤ ነገ ተመርቀው የባንኩን፣ የአስመጪውንና የባለ ሱቁን ሶፍትዌር የሚጽፉትም እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። ሠሪና ተጠቃሚ በአንድ መንገድ ላይ በሚተላለፉበት ከተማ ይህን ጉዳይ መነጋገር ተገቢ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በአገሪቱ ትልቁ ባንክ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ወሬው በስልክ መልእክት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሌላው ሲዛመት፣ በክፍያ መሣሪያዎቹ ፊት በሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ሰዓታት አለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የተሰጠውም ምክንያት የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ይደረግ በነበረ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር መሆኑ ነው። ከገንዘቡ አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱትም ሰዎች ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ እስኪወጣ ተደረሰ።

በዚያች ሌሊት የፈረሰው ቃል ኪዳን ምን እንደ ነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባንክ ከተባለ ጀምሮ የቆመው ከሌለው ሰው ላይ ገንዘብ እንዳይወጣ በሚል ሕግ ነው። ይህ ሕግ በሶፍትዌር ውስጥ ሲጻፍ አጭር ነገር ነው፤ የተጠየቀው ገንዘብ ካለው ሒሳብ ቢበልጥ እምቢ በል ማለት ነው። ሕንጻው ሁሉ የሚያርፈው በእንዲህ ያለች ታናሽ የማዕዘን ድንጋይ ላይ ነው። በሲስተሙ ላይ ማናቸውም ማሻሻያ ሲደረግ፣ ማሻሻያው የተደረገው በሌላ ሥፍራ ቢሆንም እንኳ፣ ይህች ድንጋይ ከቦታዋ አለመነቃነቋ ለብቻው ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር በሩ ለሕዝብ መከፈት የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭም የሀብታሞቹ አገሮች ነጋዴዎች ይህንኑ ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝተውታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በአሜሪካ ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ንግድ ድርጅት በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ። ነገሩ በመንግሥት መርማሪዎች ሲጣራ የተገኘው እንዲህ ነው። ድርጅቱ አዲስ ሶፍትዌር በስምንት ኮምፒውተሮች ላይ ሊጭን ሲገባው በአንደኛው ላይ ሳይጭን ቀረ። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ክፍል ተኝቶ ነበር፤ አዲሱ ትእዛዝ ያንን አሮጌ ክፍል ቀስቅሶት ሳያቋርጥ እንዲገዛና እንዲሸጥ አደረገው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የድርጅቱ ሰዎች የተፈጸመውን ግብይት እየቆጠረ የሚያስቆመውን ክፍል ከቦታው ሲያዛውሩ፣ አሮጌው ክፍል ከዚያ በኋላ ልክ መሥራቱን አለመፈተሻቸው ነው። የአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ተቆጥቦ ከሰባት ዓመት በኋላ ድርጅቱን ነጻነቱን አሳጣው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ድርጅት ተላለፈ።

ባለ ሱቆችን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን የእንግሊዝ አገር ፖስታ ቤት ታሪክ ነው። በዚያ አገር የብዙ መንደር ፖስታ ቤት የሚያዘው የራሱን ሱቅ ጎን ለጎን በሚያካሂድ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሱቆች ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ይታይ ጀመር። ነጋዴዎቹ ገንዘብ አልወሰድንም ብለው ቢጮኹም የታመነው መዝገቡ እንጂ ሰዎቹ አልነበሩም። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰት ሒሳብ ተከሰው ተፈረደባቸው፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፤ ቤታቸውን የሸጡ፣ ከመንደራቸው የተሰደዱም አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሶፍትዌሩ በውስጡ ስሕተቶች እንደ ነበሩበት ፈረደ፤ በ2024ም ፓርላማው በአንድ አዋጅ የብዙዎቹን ሰዎች ፍርድ ሻረ።

ከተገኙት ስሕተቶች አንዱ በስኮትላንድ ካለንደር ስኩዌር በሚባል ቅርንጫፍ የታየው ነው። ጥፋቱ በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ አልነበረም። ከታች፣ መልእክቶችን የሚያከማቸውና ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያስተላልፈው ክፍል የያዘውን ቁልፍ ሳይለቅ እየቀረ፣ አንዱ ኮምፒውተር የሠራውን ሌላው እንዳያይ ያደርግ ነበር። ሠራተኛው ያልተመዘገበ መስሎት ደግሞ ሲመዘግብ አንዱ ክፍያ ሁለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ስሕተት ከላይ ሲታይ የሰው ስሕተት ይመስላል፤ ስለዚህም ለዓመታት ሳይታረም ኖረ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው የውስጥ ክፍል ላጠፋው ባለ ሱቁ ተቀጣበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሶፍትዌር ውስጣዊ ክፍል ሳይፈተሽ ሲቀር የሚከሠረው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሐቀኛው ሰው ስም ጭምር ነው።

ለመሆኑ ከውጭ ብቻ መፈተሽ የማይበቃው ለምንድን ነው? መልሱ በሒሳብ ሊታይ ይችላል። አንድ ሶፍትዌር አሥር የውስጥ ክፍሎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱም ክፍል አሥር ዓይነት ሁኔታ ሊያጋጥመው ይችላል። ፈታሹ ከውጭ ብቻ ቆሞ የሁኔታዎቹን ጋብቻ ሁሉ ልሞክር ቢል 10,000,000,000 ሙከራ ያስፈልገዋል፤ ዕድሜ አይበቃውም። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው አውጥቶ ቢፈትሽ ግን 100 ሙከራ ይበቃዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መጋጠሚያዎቹን ማየት ነው። ባለሙያዎቹ «ዩኒት ቴስት» የሚሉት ይህን ለየብቻ የመፈተሽ ሥራ ነው። ሙከራውም አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ በየማሻሻያው በደቂቃዎች ውስጥ ይደጋግመዋል እንጂ እንደ ገና የሰው ድካም አይጠይቅም።

አሁን የአገሩ ነጋዴ በየቀኑ ከሚያገኛቸው ነገሮች አራት ምሳሌ ይቀርባል።

የመጀመሪያው ቀን ነው። አስመጪው የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚያበቃበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የበጀት ዓመቱን ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው አንድ ታናሽ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በተራው ቀን ቢፈተሽ ያልፋል። ነገር ግን ጳጉሜ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን እንደምትሆን የማያውቅ ከሆነ ስሕተቱ የሚገለጸው በዚያች ቀን ብቻ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ነበረች፤ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽም በማግሥቱ በ12ኛው ቀን ዋለ። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2027 ነው። ሶፍትዌሩን ከውጭ የሚፈትሽ ሰው ያችን ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይኖርበታል፤ የውስጡን ክፍል ለብቻው የሚፈትሽ ግን የመቶ ዓመቱን ጳጉሜ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ስም ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ መዝገብ ሀ፣ ሐና ኀ ሦስት ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። እንግዲህ ኃይሉ የተባለው ደንበኛ በአንድ ቀን «ኃይሉ»፣ በሌላ ቀን «ሀይሉ»፣ በሦስተኛው ቀን «ሐይሉ» ተብሎ ቢጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች አድርጎ ይይዘዋል። ዱቤው በአንዱ ስም፣ ክፍያው በሌላው ስም ይመዘገብና ዕዳውን የከፈለ ሰው ዕዳ እንዳለበት ተቆጥሮ ይጠየቃል። ይህን የሚከለክለው ፊደላቱን የሚያመሳክር አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሉም ዓለሙንና አለሙን፣ ፀሐይንና ጸሀይን፣ ሠናይትንና ሰናይትን ለብቻው ተሰጥቶት መልሱ መታየት አለበት።

ሦስተኛው ሳንቲም ነው። ዋጋው 4 ብር ከ30 የሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ 64 ሳንቲም ተኩል ይመጣል። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ወደ 65 ቢያጠጋጋው በመቶ ደረሰኝ 65 ብር ይሰበሰባል፤ በወሩ ድምር ላይ ቢያሰላው ግን 64 ብር ከ50 ይሆናል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ግን ሁለቱ መዝገቦች አይታረቁም፤ የማይታረቅ መዝገብ ደግሞ በግብር ምርመራ ጊዜ ለነጋዴው ራስ ምታት ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.10ና 0.20ን ሲደምሩ የሚሰጡት መልስ 0.30 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው፤ ኮምፒውተሩ ቁጥርን የሚጽፈው በሁለት ምልክቶች ብቻ ስለ ሆነ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም ጻፊ ይህን ለማምለጥ ገንዘቡን ሁሉ በሙሉ ሳንቲም ይመዘግባል።

አራተኛው ከዚሁ ተከትሎ የሚመጣው የመጠን ወሰን ነው። በብዙ ሶፍትዌሮች ለአንድ ቁጥር የሚመደበው ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ገንዘቡ በሳንቲም ከተጻፈ ይህ ማለት 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ ወሰን ለአንድ መካከለኛ አስመጪ በቂ ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር። የ200,000 ዶላር ዕቃ በ57 ብር ምንዛሪ 11,400,000 ብር ነውና ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲያደርግ ግን ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያው የ200,000 ዶላር ዕቃ በ110 ብር ሲሰላ 22,000,000 ብር ይሆናል፤ ከወሰኑም ያልፋል። ያልተፈተሸ ክፍል በዚያ ጊዜ እምቢ እንኳ አይልም፤ ቁጥሩን ወደ ኋላ አዙሮ ከዜሮ በታች የሆነ ዕዳ ሊጽፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አርያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ተነሥታ አንድ ደቂቃ ሳይሞላት የጠፋችው በዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። ለቀድሞዋ ሮኬት የተሠራ አንድ የውስጥ ክፍል ለአዲሲቱ ሮኬት ፍጥነት ሳይፈተሽ ተሰጠ፤ ቁጥሩም ከተመደበለት ቦታ አልፎ ፈሰሰ። ሶፍትዌሩ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ዓለሙ ነበር። ነጋዴም ምንዛሪው፣ ታክሱ ወይም ሕጉ በተለወጠ ቁጥር ትናንት ያለፈው ክፍል ዛሬም ማለፉን መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሊናቅ አይገባም። አንደኛ፣ ሥራው ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ደንበኛውም የሚከፍለው ለሚያየው ነገር እንጂ ለማያየው አይደለም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የውስጥ ክፍሎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ለእነርሱ የተጻፈው ፍተሻ አብሮ እየፈረሰ ሠሪውን ያሰለቸዋል፤ ከማሻሻልም ያግደዋል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ለየብቻቸው ደኅና ሆነው ሲገጣጠሙ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ስለዚህ ድካሙ ከንቱ ነው ይላሉ።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነው ሁሉም ክፍል እኩል አለመሆኑ ነው። የመስኮቱን ቀለም የሚለውጠውን ክፍልና ሒሳብ የሚቀንሰውን ክፍል በአንድ ዐይን ማየት አያስፈልግም። ነጋዴም የወርቁን ሚዛንና የድንቹን ሚዛን እኩል አይጠነቀቅም። ገንዘብን፣ ቀንን፣ ስምንና መጠንን የሚነኩት ይለዩ፤ በእነርሱ ላይ ግን ቁጠባ አይኑር። ታላላቆቹ ሠሪዎች የደረሱበትም ይኸው ነው። በየሰው ስልክ ውስጥ መዝገብ የሚይዘው ኤስኪውላይት የተባለው ሶፍትዌር ሠሪዎቹ እንደሚገልጹት የፍተሻው ጽሑፍ ከራሱ ከሶፍትዌሩ ጽሑፍ 590 እጥፍ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው በየቀኑ የሚያምነውም በከንቱ አይደለም። የአብዛኛው ስልክና የታላላቅ ኮምፒውተሮች መሠረት የሆነው ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጽፉት ሥራ ሲሆን፣ በ2020 የውስጥ ክፍሎቹን ለየብቻ የሚፈትሽበትን ኬዩኒት የተባለ መሣሪያ በራሱ ውስጥ አስገብቷል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሥራ እንኳ ይህን ከተቀበለ፣ አሁን የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቢይዘው ይሻለዋል።

ለሁለተኛው ተቃውሞ መልሱ ፍተሻው የሚጠይቀውን ማስተካከል ነው። ጌታ የሒሳብ ሠራተኛውን ሲቆጣጠር በየትኛው እጁ ብዕር እንደ ያዘ አይጠይቀውም፤ ድምሩ ልክ መሆኑን ይጠይቀዋል። እንደዚሁም ጥሩ ፍተሻ የውስጡን ክፍል አሠራር ሳይሆን የገባውን ቃል ይጠይቃል፤ ይህን ብሰጥህ ምን ትመልስልኛለህ ይለዋል። አሠራሩ አሥር ጊዜ ቢለወጥ ቃሉ ካልተለወጠ ፍተሻው አይፈርስም። እንዲያውም ሠሪው ያለ ፍርሃት እንዲያሻሽል የሚያስችለው ይህ ነው፤ ያፈረሰውን ወዲያው ያውቃልና።

ሦስተኛው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ግን የሚያስተምረው ፍተሻውን መጨመር እንጂ መተው አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው፣ አንዱ ሶፍትዌር ኃይሉን በእንግሊዝ መለኪያ ሲያሰላ ሌላው በሜትሪክ መለኪያ ተቀብሎ ስለ ሠራበት ነው። ቡና ላኪው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። አንዱ መዝገብ በፈረሱላ፣ ሌላው በኪሎ ቢጽፍና በመጋጠሚያው ላይ 17 ኪሎ አንድ ፈረሱላ መሆኑን የሚያስታውስ ባይኖር፣ ሁለቱም መዝገቦች ለየራሳቸው ልክ ሆነው ላኪው ይከሥራል። ስለዚህ መጋጠሚያውም ለራሱ አንድ ክፍል ተቆጥሮ ይፈተሽ። ከውጭ የሚደረገው ፍተሻም አይቅር፤ ከውስጡ ፍተሻ በኋላ ይምጣ እንጂ አይተካው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፣ ነጋዴው ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ሶፍትዌር ለመግዛት ወይም ለማሠራት ውል ሲፈራረም፣ ገንዘብን፣ ቀንን፣ ስምንና መጠንን የሚነኩ ክፍሎች ለየብቻቸው የተፈተሹበት መዝገብ እንዲቀርብለት በውሉ ያስገባ። ማናቸውም ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ፍተሻው ሁሉ ተደግሞ ማለፉ በጽሑፍ ይረጋገጥለት፤ ማሻሻያውም በገበያ ቀን ዋዜማ አይጫን። ስሕተት በተገኘ ጊዜ እርማቱ ብቻ አይበቃም፤ ያው ስሕተት ተመልሶ ቢመጣ ወዲያው የሚይዘው ፍተሻ አብሮ ይጻፍ። የውሉም ቃል ጉድለት በታየ ጊዜ የሶፍትዌሩ መዝገብ ብቻውን በነጋዴው ወይም በሠራተኛው ላይ ማስረጃ እንዳይሆን፣ አስቀድሞ ሶፍትዌሩ እንዲመረመር ይናገር። የእንግሊዝ ባለ ሱቆች ይህ ቃል በውላቸው ቢኖር ኖሮ ብዙ እንባ ይቀር ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በኅብረት ሊሠራ የሚችለው ነው። ለሚዛን የታመነ የኪሎ ብረት እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለሶፍትዌርም የታመነ የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል። የንግድ ምክር ቤትና በጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተባብረው አንድ ዝርዝር ቢያዘጋጁ ይህ ሊገኝ ይችላል። በዝርዝሩ የጳጉሜ 6 ቀናት ከነፈረንጅ አቻቸው፣ በልዩ ልዩ ፊደል የሚጻፉ ስሞች፣ የታክስ ማጠጋጋት ምሳሌዎች፣ ከወሰን የሚያልፉ ታላላቅ ገንዘቦች፣ የፈረሱላና የኩንታል ምጣኔዎች ከነትክክለኛ መልሳቸው ይመዝገቡ። ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ለተመራቂዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናቸዋል፤ ለነጋዴው ደግሞ ሻጩ ያመጣለትን ሶፍትዌር በዚያ ብረት የሚመዝንበት መሣሪያ ይሆነዋል። ዝርዝሩ ለማንም በነጻ ቢሰጥ፣ ሐቀኛው ሠሪ በኩራት ያሳልፈዋል፤ የማያሳልፈውም ሠሪ ማንነቱ ይታወቃል።

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይባላል። ከምንጩ የደፈረሰ ውኃ በጥሩ ብርጭቆ ቢቀዳ አይጠራም፤ ከውስጡ ያልተፈተሸ ሶፍትዌርም በሚያምር መስኮት ቢቀርብ አይታመንም። በርበሬ ሻጩ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑን የሚመለከትበት ያ ጥንቃቄ ወደ ኮምፒውተሩም ሊገባ ይገባዋል። አሁን 2019 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያለችው ጳጉሜ 6 እየቀረበች ነው። አስመጪው፣ ላኪውና ባለ ሱቁ ሶፍትዌር የሸጠላቸውን ሰው ዛሬውኑ ጠርተው ያች ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስንተኛው እንደሆነች ኮምፒውተሩን እንዲያስመልስ ይጠይቁት። መልሱ መስከረም 11 ቀን 2027 ካልሆነ ሚዛኑ ተዛብቷልና ከገበያው በፊት ይታረም።